ሳጥኖቹ ከደሴ ከመውጣታቸው በፊት

ጥያቄው፣ ጥቂት አሳጥሬው፦ «ደሴ ውስጥ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) ምክር ቤት አባል ነኝ። ለረጅም ዓመታት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሲያካሂዱ የኖሩት ሲስተሮች ቤታቸውን ዘግተው ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለሉ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ አለ፦ አራት የቆርቆሮ ሳጥን ደብዳቤ፣ የጥምቀት መዝገቦች፣ ፎቶዎች (አንዳንዶቹ መስታወት ላይ ናቸው)፣ የሒሳብ ደብተሮች፣ ጽዋና አልባሳት፣ አንድ የብራና መጽሐፍ። ለጊዜው ናፍታሊን በትነን ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለናል። ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎችና ፎቶዎች ላሚኔት ልናስደርግ አስበናል። ከመካከላችን ግማሹ ‹ሁሉም ወደ ሮም ይላክ› ይላል፤ ግማሹ ‹ስካን ይደረግና የማይረባው ይቃጠል› ይላል። ምን ይሻላል? የአባ ማስያስ ደብዳቤስ ይኖርበት ይሆን?»

ከመጨረሻው ልነሳ። የአባ ማስያስን ደብዳቤ አይጠብቁ። አባ ማስያስ የምንላቸው የካፑቺን ማኅበር ሚስዮናዊ ጉሊዬልሞ ማሳያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ሸዋ ምኒልክ ዘንድ ከርመው በ1879 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ለዚህ መንገድ የጠረገው የ1878ቱ የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደው ከእናንተ ከተማ አፍንጫ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ከእርሳቸው ቀድመው በሰሜን የሠሩት የላዛሪስት ማኅበር ሚስዮናዊ አቡነ ያዕቆብ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. ቅዱስ የተባሉት ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስም፣ ደብዳቤ የጻፉት ለሮምና ለፓሪስ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ የሚገኘው ጸሐፊው ቤት ሳይሆን ተቀባዩ ቤት ነው። ይህን ልብ ካሉ ሳጥኖቻችሁ ውስጥ ያለውን ሳይከፍቱ በግማሽ ማወቅ ይችላሉ፦ ሲስተሮቹ የተቀበሉት አለ፤ የላኩት ግን ቅጂ ካስቀሩ ብቻ ነው የሚኖረው።

እናንተ ጋ የሚጠበቀው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ነው። ደሴ የራሷ ሐዋርያዊ አውራጃ (ገና ሀገረ ስብከት ያልሆነ የሚስዮን ክልል) ሆና የተሰየመችው በ1937 እ.ኤ.አ.፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው ደግሞ ገና በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ባሉት ዓመታት በወሎ የሆነውን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መሄጃው እንደ እናንተ ያለው ክፍል ነው። «አዲስ» ስለሆነ አይናቁት።

እንዲያውም በብዛት የሚናቀውን ነገር ነው አስቀድሜ የምፈልገው፤ የሒሳብ ደብተሩን። እዚያው ወሎ ውስጥ አንድ የማኅበር ቤት ያየሁትን ልንገርዎ። ደብተሩ ጠርዙ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ የኩሽና ወጪ መመዝገቢያ ነው። በርበሬ፣ ማገዶ፣ ጋዝ፣ የዘበኛ ደመወዝ፤ ገጽ በገጽ በሰማያዊ ቀለም፣ በሰፊው፣ ዘና ተብሎ ተጽፏል። 1977 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ጽሕፈቱ እያነሰ ሄዶ ኅዳጉን ሁሉ ይሞላል። ከኋላ ገልብጠው በእርሳስ የልጆች ስም ጀምረዋል፤ ከስሙ አጠገብ ቀበሌው፣ ኪሎው፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ኪሎ። አንዳንዱ ላይ «ተመለሰ» ይላል። አንዳንዱ ላይ ለክርስቲያኑ ልጅ መስቀል፣ ለሙስሊሙ ልጅ ግማሽ ጨረቃ ተደርጎ ኪሎው እዚያው ይቆማል። ያ ደብተር «ያገለገለ የሒሳብ ወረቀት» ተብሎ ለማገዶ ተለይቶ ነበር። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ድርቅ የወሎን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው የጻፈ ሰነድ ብዙ አይገኝም። እናም «የማይረባው ይቃጠል» የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ከውይይታችሁ አውጡት። የሚረባውን ከማይረባው የምትለዩት ዝርዝሩ አልቆ፣ የማኅበሩ አለቃና ሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ ከተስማሙ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሠራችሁት እንምጣ። ፌስታሉን ዛሬውኑ ፍቱት። ደሴ የጦሳ ተራራ ጉም የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ የተሰቀለ ልብስ እንኳ በቅጡ አይደርቅም። ወረቀት በአየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ይጠጣል። በፌስታል ከታሰረ የጠጣው መውጫ አያገኝም፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሻጋታ ይነሳል። የቆርቆሮ ሳጥኑን ብዙ ባለሙያ ይጠላዋል፤ እኔ አልጠላውም። አይጥና ምስጥን ያግዳል፣ አቧራ አያስገባም። ጉዳቱ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ማላቡና መዛጉ ነው። ስለዚህ ውስጡን በአቡጀዴ አልብሱት። አቡጀዴው አስቀድሞ ሙጫው እስኪለቅ ሁለት ጊዜ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ማለስለሻ አይግባበት። ሳጥኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል በጣውላ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም አርቁት፤ ከውጭ ግድግዳ ይልቅ ከቤቱ መካከል ያለው ይሻላል። መስኮት በበጋ እኩለ ቀን ይከፈት፤ በክረምት ጠዋት ተዘግቶ ይቆይ። እርጥበት መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱን ግዙ። ከ35 እስከ 50 በመቶ ለወረቀት ደህና ነው፤ ከቁጥሩም በላይ ቁጥሩ በአንድ ቀን ውስጥ አለመዋዠቁ ይጠቅማል።

ናፍታሊኑን አውጡት። በተከፈተ ክፍል ውስጥ ብልን አይገድልም፤ ሰውን ግን ያሳምማል፤ ሽታውም ከወረቀቱ በቀላሉ አይለቅም። ወይራና ባሕር ዛፍ ማጨስም እንዲሁ ነው። ቤት ለማጠን መልካም ነው፤ ሰነድ ላይ ግን ጥቀርሻ ያስቀምጣል። ብል ወይም ትል በዓይናችሁ ካያችሁ መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ነው። የተጠቃውን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ አሽጉና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሲወጣ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ አለዚያ ጠዛው ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ፌስታል የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከሄደ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። የመስታወት ፎቶና በእንጨት ላይ የተሳለ ሥዕል ፍሪዘር አይግባ።

ላሚኔት በጭራሽ አይደረግ። ፕላስቲኩ የሚጣበቀው በከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ከተጣበቀ ደግሞ ያለ ጉዳት የሚያላቅቀው የለም። ውስጡ ያለው ወረቀት አሲዱን ይዞ እንደ ታሸገ ምግብ እዚያው ይበሰብሳል፤ ፎቶ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ጄላቲን በሙቀቱ ይጎዳል። ስኮችም ያው ነው፤ በጥቂት ዓመት ፕላስቲኩ ይረግፍና ቢጫ ሙጫው ይቀራል። የተቀደደ ነገር በቀዳዳው ልክ ልጣፊ አይፈልግም፤ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል ይተኛ፣ ይበቃዋል። የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ ከዛገ በቀስታ ይውጣ። በደብዳቤዎች መካከል የጋዜጣ ቁራጭ ካለ በመካከሉ ነጭ የኤ4 ወረቀት ይግባ፤ ዛሬ የሚሸጠው የማተሚያ ወረቀት በአብዛኛው አሲድ የለበትም። ጋዜጣ ግን የነካውን ደብዳቤ ቡና አስመስሎት ይሄዳል። የድሮ ቀለም ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ከኋላ የበሳበት ቦታ ካያችሁ ብረት ያለበት ቀለም ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አይንካው። ነጭ የጥጥ ጓንት ስለመግዛትም ሰው ይጠይቀኛል። ለወረቀት አያስፈልግም፤ ጣትን ያደነዝዝና ገጹን ያስቀድዳል። እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ በቃ። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶና ለብር ዕቃ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ወረቀቱን «በርዕስ በርዕስ» ማደራጀታቸው። ይህን ጥፋት ራሴ ሠርቼዋለሁ። በሥራዬ መጀመሪያ አንድ የማኅበር ቤት ሦስት ቀን ተቀምጬ ደብዳቤዎቹን የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የግንባታ እያልኩ ከፋፈልኩ፤ ባዶ ፖስታዎቹንም ጣልኩ። በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ሲስተር አንዱን ደብዳቤ አንሥተው «ይኼ ከየትኛው ፖስታ ወጣ?» አሉኝ። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን «ማክሰኞ» ብቻ ነበር። ዓመተ ምሕረቱ የነበረው ፖስታው ላይ፣ በማኅተሙ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ዛሬም ዓመት የለውም። ስለዚህ አብሮ የታሰረ አብሮ ይቆይ፤ ሳጥን ሁለት ውስጥ የነበረ ሳጥን ሁለት ውስጥ ይቆይ፤ ፖስታ አይጣል። ቁጥር በእርሳስ፣ በስሱ፣ በጀርባው ጥግ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ክፍሉ ውስጥ አይግባ።

የመጀመሪያው ሥራችሁ እንግዲህ ዝርዝር ነው። ሳጥን ስንት፣ ጥቅል ስንት፣ ምን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ቋንቋ፣ በምን ሁኔታ ላይ፤ ለእያንዳንዱ ጥቅል አንድ መስመር ይበቃል። ቀን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ሁልጊዜ ጻፉ። ውጭ አገር የተወለደችው ሲስተር በፈረንጅ ቀን ትጽፋለች፣ የአገራችን ካህን በእኛ፤ አንድ ጥቅል ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ሰባትና ስምንት ዓመት የተሳሳተ ታሪክ ሲጻፍ አይቻለሁ።

ዝርዝር መጻፍ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ለገዳሙ የተሰጠውን በውስጡ መዝግቦ ይዟል። ያ መጽሐፍ «ወደ ሮም ይላክ» ለሚሉት ወገኖችም መልስ አለው። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ የሐይቁም ወንጌል ተነሥቶ 1832 ቁጥር ተሰጠው። በዚህ ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ፣ የካቶሊክ ቤኔዲክቲን መነኮሳት ገዳም ውስጥ ተቀመጠ። መነኮሳቱ ዋናውን አልወሰዱም። ዋናው በቦታው፣ ቅጂው በሩቅ፤ እናንተም በዚሁ መንገድ ሂዱ።

ሕጉም ወደዚሁ ነው የሚያደላው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርስ የሚለው ብራናና ወርቅ ብቻ አይደለም፤ የጽሑፍ ሰነድንና ፎቶግራፍንም ይጨምራል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «የራሳችን የማኅበር ወረቀት ነው» ማለት ኤርፖርት ላይ አይሠራም። ብራናውማ የተለየ ጉዳይ ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይጠየቅ፣ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም ይመዝገብ። ከአንድ ደብር የወጣ ሆኖ ከተገኘ መደበቁ ኋላ የሚያመጣው ጣጣ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ማኅደሩ ካለ ከማኅደሩ አይለይ፤ የተጨማደደ ቅጠል ካውያ አይነካውም።

ባለቤትነቱን በሦስት ክፈሉት። የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት የቁምስናው ናቸው፤ በሲስተሮቹ ቤት መገኘታቸው የማኅበሩ አያደርጋቸውም። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በቁጥር 296 ቁምስናው መዛግብቱንና ቤተ መዛግብቱን እንዲጠብቅ ያዝዛል። የልደት ማስረጃ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለና እነዚህ ታሪክ ብቻ አይደሉም፤ ገና በሥራ ላይ ናቸው። ከአለቆች የመጣ ደብዳቤ፣ የመሐላ ሰነድ፣ የአባላት ፋይልና የቤቱ ዜና መዋዕል የማኅበሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ቢሄዱ ቅር አይበላችሁ፤ ቅጂያቸውን ለማስቀረት ግን ፈቃድ ጠይቁ። ሦስተኛው ክፍል፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የእርዳታ መዝገብ፣ በወረቀት የማኅበሩ ቢሆንም የሚነካው የደሴንና የአካባቢዋን ሰው ነው። ይህ በጽሑፍ የአደራ ውል ደሴ እንዲቆይ ተከራከሩ። ውሉ ባለቤቱ ማኅበሩ መሆኑን፣ ማን እንደሚከፍት፣ ማን እንደማይከፍት፣ ቁምስናው ማስቀመጥ ካልቻለ ምን እንደሚሆን ይግለጽ። ቃል ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ቆሞስ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ሲመጣ ይረሳል።

ንዋየ ቅድሳቱን በተመለከተ ዋናው ምክሬ አታጽዱ ነው። ናሱን በሎሚና በአመድ መፈግፈግ ያማረ መስሎ ይታያል፤ ግን የወርቅ ቅቡን ይልጠዋል፣ ጽዋው ሥር በትንሹ የተቀረጸውን የሰጪውን ስምና ዓመት ያጠፋዋል። ብራሶ የሚባለው የብረት መወልወያም ልዩነት የለውም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራው ይነሣ፣ በታጠበ አቡጀዴ ይጠቅለል። አልባሳት በሽቦ ማንጠልጠያ አይሰቀሉ፤ እጥፋቱ መካከል ጨርቅ ተጠቅልሎ ገብቶ በጨለማ ይተኙ። የተባረከ ዕቃ ለመታሰቢያ ተብሎ ለግለሰብ አይሰጥ፤ አይሸጥም።

ስለ ስካን። ስልክ ይበቃል፤ በሦስት እግር ቆሞ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን። ስካነር ካገኛችሁ ጽሑፍ በ300፣ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ይነሣ፤ ዋናው ፋይል ቲፍ (TIFF) ሆኖ ይቀመጥ፣ ለማየት ጄፔግ (JPEG) ይውጣለት። የፋይሉ ስም የዝርዝሩን ቁጥር ይያዝ፤ «ምስል 4471» የሚል ሺህ ፋይል ካለ ሳጥኑ እንደገና ተደበላለቀ ማለት ነው። በቴሌግራም ከላካችሁት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በከተማዋ ለነበረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሃርድ ዲስክም ይሞታል፤ በየዓመቱ ተከፍቶ ይታይ፣ በጥቂት ዓመት ይቀየር። ቅጂ ዋናውን አይተካም፤ ዋናውን ለማስወገድ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ሰው ቢኖር አትስሙት። የገንዘብ ነገር ከቸገራችሁ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ለዲጂታል ቅጂ ድጋፍ ይሰጣል፤ ዋናው ሰነድ ከአገሩ እንዲወጣም አይፈቅድም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ። የጥምቀት መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድና የእርዳታ ዝርዝር ፌስቡክ ላይ አይውጣ፤ «ለትዝታ» ተብሎ እንኳ። ወሎ ነው፤ የአባቱ ስም መሐመድ፣ የክርስትና ስሙ ዮሴፍ የሆነ ልጅ ብዙ ነው፤ ዛሬ አያት ሆኖ ይህን ለልጆቹ ተናግሮም ሳይናገርም ይሆናል። መናገሩ የእርሱ ፈንታ ነው። የክሊኒክ ካርዶቹን ቁጠሩ፣ አሽጉ፣ አታንብቡ።

ስለዚህ ውሳኔ ካሉኝ፦ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በማኅበሩ አለቃና በቆሞሱ ሳይፈረም አንድም ሳጥን መኪና ላይ አይጫን። መዛግብቱ ቁምስናው ውስጥ ይቆዩ፤ የማኅበሩ ወረቀት እንዳለ፣ በሥርዓቱ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ፤ የሕዝቡ ወረቀት በአደራ ውል ደሴ ይቅር፤ ወደ ሮም ምንም አይሄድ፤ የሚቃጠልም አይኑር። ፌስታሉም እንዳልኩት ዛሬውኑ ይፈታ።

ዝርዝሩ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ፎቶዎቹ ግን አይጠብቁም። የመስታወቶቹን አቁማችሁ፣ በመካከላቸው ወረቀት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ሌሎቹን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ከሲስተሮቹ አንጋፋዋ ጋር ቡና ላይ ተቀመጡ፤ ክሊኒኩን ያገለገለ አንድ አዛውንት ካለም ይጠራ። ስልኩ ድምፅ እየቀዳ ይቀመጥ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ፣ «ይቺ ማናት?» ብላችሁ ጠይቁ።